የአሜሪካ የምርጫ ዘመቻ ቅርሶች ዋጋቸው በምን ይታወቃል?

በ1920 የአሜሪካ ምርጫ ዲሞክራቶች የኦሃዮን ገዥ ጄምስ ኮክስን ለፕሬዝዳንትነት፣ የ38 ዓመቱን ፍራንክሊን ሩዝቬልትን ደግሞ ለምክትልነት አቀረቡ፤ በሰፊ ልዩነትም ተሸነፉ። ዘመቻው ገንዘብ ያጠረው ስለነበር የሁለቱ ፎቶ ጎን ለጎን ያለበት ባጅ የተሠራው በጥቂቱ ነው። ከእነዚያ ባጆች አንዱ ዛሬ ጨረታ ላይ ሲወጣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፈልበታል። በ24 ዓመት የሚበልጠው የ1896ቱ አሸናፊ የዊልያም ማኪንሊ ተራ ባጅ ግን በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገኛል።

ዕድሜ ብቻውን ዋጋ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር። ከአያቱ ሣጥን የሐር ሪባን ያገኘ ወራሽ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ያወጣል?" ብሎ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ዋጋ ገማች ግን ከዚያ በፊት የሚጠይቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ዕቃው በእርግጥ ምንድን ነው? ግምቱስ ለምን ተፈለገ? በእኔ እምነት በዚህ ገበያ ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው ሁለቱን ጥያቄዎች ዘሎ ወደ ገንዘቡ ሲሮጥ ነው። ይህ ዳሰሳም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል። ዓመታቱና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዕቃዎቹ ዓይነት ብዙ ነው። ቀደምቶቹ ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 ሥልጣን ሲይዝ ሰዎች ኮታቸው ላይ የሰፏቸው የናስና የመዳብ ቁልፎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ መሐላቸው ላይ የስሙ ሁለት መነሻ ፊደላት፣ ዙሪያቸውን ደግሞ ለፕሬዝዳንቱ ረጅም ዕድሜ የሚመኝ ጽሑፍ አላቸው። እነዚህ ለበዓለ ሲመት እንጂ ለዘመቻ የተሠሩ አልነበሩም። አገሩ በዘመቻ ዕቃ የተጥለቀለቀው በ1840 ነው። የዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ተቃዋሚ የሆነ ጋዜጣ፣ ሰውየው ጡረታ ተሰጥቶት ከእንጨት ጎጆው ተቀምጦ የፖም ጠጁን ቢጠጣ ይሻለዋል ብሎ አፌዘበት። ደጋፊዎቹ ስድቡን አንስተው አርማቸው አደረጉት። ሃሪሰን የተወለደው ከቨርጂኒያ ባለጸጎች ቤት ቢሆንም የእንጨት ጎጆው በሐር ሪባን፣ በናስ ሜዳሊያ፣ በመስተዋት ሳህንና እንግሊዝ አገር በተሠራ ሸክላ ላይ ሁሉ ታተመለት። በ1841 ሥልጣን ይዞ በአንድ ወሩ ሞተ፤ ዕቃዎቹ ግን ዛሬም በጨረታ ይመላለሳሉ። ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ የችቦ ሰልፍ ፋኖሱም፣ ባንዲራውም፣ መሐረቡም፣ የዚያን ዘመቻ ፈለግ የተከተለ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንግባ። አንድ የምርጫ ዕቃ እውነተኛ ነው የሚባለው የተሠራበት ነገር፣ የታተመበት መንገድና የሚናገረው ታሪክ እርስ በርሳቸው ሲስማሙ ነው። ይህን ከ1896ቱ ባጅ በላይ የሚያስተምር የለም። በዚያ ዓመት የኒው ጀርዚ ኒውአርክ ከተማው ዋይትሄድ ኤንድ ሆግ ኩባንያ አዲስ ዓይነት ባጅ በብዛት ማምረት ጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ክብ ቆርቆሮ ላይ የታተመ ወረቀት ይቀመጣል፤ በላዩ ስስ ግልጽ ሴሉሎይድ ይለበጣል፤ ሁሉም በአንድነት ወደ ኋላ ይታጠፍና በብረት ቀለበት ይያዛል፤ ከቀለበቱ ውስጥ መርፌው ይገባል። ጀርባው ላይ ብዙውን ጊዜ የኩባንያው ስምና የፓተንት ቀኖች ያሉበት ትንሽ ክብ ወረቀት ይለጠፋል፤ ከቀኖቹ አንዱ ሐምሌ 21 ቀን 1896 ነው። አንዳንዱ ባጅ ከሲጋራና ከማስቲካ ጋር ስለታደለ የጀርባው ወረቀት የእነሱን ማስታወቂያ ይዟል።

ይህን ባጅ አጉሊ መነፅር ይዞ የሚመለከት ሰው ፊቱን ከማየቱ በፊት ይገለብጠዋል። መርፌው የዘመኑ ነው ወይ? ዝገቱ ከብረቱ የወጣ ነው ወይስ የተቀባ? የጀርባው ወረቀት ከቀለበቱ ሥር ገብቷል ወይስ ኋላ ተለጥፏል? ከዚያ ጠርዙን ያያል። ሴሉሎይድ ከሆነ በጠርዙ ላይ ስስ ሽፋን በጥፍር ይታወቃል። ቀለሙ በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ ከታተመ ግን ሊቶግራፍ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ይህ አሠራር ለምርጫ ባጅ የተለመደው ከ1910ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ስለዚህ የማኪንሊና የተፎካካሪው የዊልያም ጄኒንግስ ብራያን ምስል በቀጥታ ቆርቆሮ ላይ ታትሞ ከተገኘ፣ ምንም ያህል ያረጀ ቢመስል፣ ኋላ የተሠራ ቅጂ ነው። በ1972 አሜሪካን ኦይል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ለደንበኞቹ ያደላቸው የድሮ ባጅ ቅጂዎች እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ጠርዛቸው ላይ ደቃቅ ምልክትና ዓመተ ምሕረት አለባቸው። ምልክቱን የፋቀ ሻጭ ወይም ጠርዙን ያላየ ገዢ ሲገናኙ ነው ማታለል የሚፈጸመው።

የወረቀትና የጨርቅ ዕቃ የራሱ ፈተና አለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የተመረተ ብዙ ወረቀት የሚያነጣ ኬሚካል ስላለው በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ የ1896 ወረቀት እንዲህ አያበራም። ግን ይህ ፈተና ብቻውን አይበቃም። እውነተኛ አሮጌ ባንዲራ በዘመናዊ ዱቄት ሳሙና ታጥቦ ከሆነ ሳሙናው ያስበራዋል፤ አሮጌ ባዶ ወረቀት ፈልጎ የሚያትም አጭበርባሪ ደግሞ መብራቱን ያልፋል። የፈተናዎቹ ድምር እንጂ አንዱ አይፈርድም።

አብርሃም ሊንከንን እንውሰድ። በ1860 ምርጫ ሰዎች ደረታቸው ላይ ያደረጉት ፌሮታይፕ የሚባል፣ ስስ ብረት ላይ የተነሣ፣ በናስ ክፈፍ የታሰረ ደቃቅ ፎቶ ነበር፤ በአንድ ወገን ሊንከን፣ በሌላው ወገን ምክትሉ ሃኒባል ሃምሊን። ብዙ የዚያ ዘመቻ ምስል የተቀዳው ማቲው ብራዲ የካቲት 27 ቀን 1860 ኒውዮርክ ላይ ካነሣው ፎቶ ነው፤ በዚያ ፎቶ ሊንከን ጺም የለውም። ጺሙን ማሳደግ የጀመረው ከተመረጠ በኋላ ነው፤ ግሬስ ቤዴል የምትባል የ11 ዓመት ልጅ በዚያው ዓመት ጥቅምት ጺም ቢያሳድግ እንደሚያምርበት ጽፋለት ነበር። ስለዚህ "1860" የሚል ጽሑፍና ባለ ጺም ሊንከን አንድ ላይ ሲገኙ ገማቹ እጁን ይሰበስባል። ማግኔት ማስጠጋትም ይረዳል፤ ፌሮታይፕ ብረት ስለሆነ ይሳባል፤ በናስ ክፈፍ ውስጥ የተጣበቀ የወረቀት ፎቶ ግን አይሳብም።

የዚያው ዘመን ባንዲራዎች ላይ ደግሞ ኮከብ መቁጠር ነው። ከሐምሌ 1859 እስከ ሐምሌ 1861 የአሜሪካ ሰንደቅ 33 ኮከብ ነበረው። ባንዲራ ሠሪዎች እንደፈለጉ 13 ወይም 31 ኮከብም ያትሙ ስለነበር ቁጥሩ ማነሱ አያስወቅስም፤ በ1860 ባንዲራ ላይ 36 ኮከብ ቢገኝ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። የፊደል ስሕተትም ሐሰተኛነትን አያሳይም። የሊንከንን ስም "አብራም" ብሎ ያተመ እውነተኛ የ1860 ባንዲራ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ሐሰተኛው ዕቃ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሰብሳቢዎች ሦስቱን ይለያሉ። የነበረ ዕቃ ቅጂ አለ። ጨርሶ ያልነበረ፣ ኋላ ሰው አስቦ የፈጠረው አለ፤ ይህን የሚያጋልጠው በየትኛውም አሮጌ ስብስብ አለመገኘቱ ነው። ከሁሉም አስቸጋሪው ሦስተኛው ነው፤ ከዘመኑ የተረፈ እውነተኛ ወረቀት ወይም እውነተኛ ማተሚያ ተገኝቶ ከዓመታት በኋላ አዲስ ባጅ ይሠራበታል። ወረቀቱ እውነት፣ ባጁ ሐሰት ይሆናል። በዚህ ላይ ባለሙያዎችም አይስማሙም፤ አንዳንዶቹ በግልጽ እስከተነገረ ድረስ በቅናሽ ሊሸጥ ይገባል ይላሉ፤ ሌሎቹ ዘመቻው ያላየው ነገር የዘመቻ ዕቃ አይባልም ይላሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። ደረት ላይ ያልዋለ፣ በዚያ መኸር ከሰው እጅ ያልገባ ነገር የዚያ ምርጫ ምስክር ሊሆን አይችልም።

የቅጂው ጎርፍ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ መጀመሪያ እየበረታ ስለመጣ ኮንግረስ በ1973 የሰብሳቢዎች መጠበቂያ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት የድሮ የምርጫ ዕቃ አስመስሎ የሚሠራ ሁሉ የተሠራበትን ዓመት በማይጠፋ መንገድ ዕቃው ላይ ማተም አለበት። ከ1973 በፊት የተሠሩት ቅጂዎች ግን ይህ ግዴታ አልነበረባቸውም፤ እነሱም ዛሬ ግማሽ ምዕተ ዓመት ስላለፋቸው በራሳቸው አርጅተዋል። ለአዲስ ሰብሳቢ ትልቁ ወጥመድ ይህ ይመስለኛል።

እውቀቱ የተገነባው በፈቃደኞች ድካም ነው። የአሜሪካ የፖለቲካ ዕቃ ሰብሳቢዎች ማኅበር በ1945 ተመሠረተ፤ ስለ ሐሰተኛ ዕቃዎች ለአባላቱ ሲያሳውቅ ኖሯል። ቴድ ሄክ በ1974 ማውጣት የጀመረው የባጆች መዝገብ ለእያንዳንዱ ባጅ ቁጥር ስለሰጠ እስከ ዛሬ የጨረታ ካታሎጎች "የሄክ ቁጥር" ብለው ይጠቅሱታል። ለጨርቅ ዕቃ የኸርበርት ሪጅዌይ ኮሊንስ የ1979 መጽሐፍ፣ ከባጅ ዘመን በፊት ለነበሩት ሜዳሊያዎች የኤድመንድ ሱሊቫን የ1981 መጽሐፍ መነሻ ናቸው። በእነዚህ መጻሕፍት የታተመው ዋጋ አርጅቷል፤ ምስሉና ቁጥሩ ግን አላረጀም። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሱዛን ዳግላስ ስብስብና በስሚዝሶኒያን የራልፍ ቤከር ስብስብ ደግሞ እውነተኛውን ለማመሳከር የሚጠቅሙ ናቸው።

ዕቃው እውነተኛ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው ዋጋው የሚታሰበው። እዚህ ላይ ብርቅነት ብቻ አይበቃም፤ ፈላጊ የሌለው ብርቅ ዕቃ ርካሽ ነው። የኮክስና የሩዝቬልት ባጅ የተወደደው ጥቂት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ፊት አንድ ላይ የያዘውን፣ ጁጌት የሚሉትን ዓይነት ሰብሳቢዎች በየምርጫው ስለሚፈልጉና የዚያ ምርጫ ተሸናፊ ምክትል ኋላ አራት ጊዜ ፕሬዝዳንት ሆኖ ስለተመረጠ ነው። ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሶ የዕቃውን ዋጋ ከፍ አደረገው።

በዚያው 1920 የሶሻሊስቱ ዩጂን ዴብስ አትላንታ እስር ቤት ሆኖ ተወዳደረ። ባጁ ላይ ፎቶውና የእስረኛ ቁጥሩ 9653 ታትሟል፤ ከ900 ሺህ በላይ ድምፅም አገኘ። ሰው ይህን ባጅ አጥብቆ ስለሚፈልገው አስመሳዮቹም በዝተዋል፤ ተፈላጊነት ዋጋን ሲጨምር ጥርጣሬንም አብሮ መጨመር አለበት።

ከሁሉም በላይ ግምትን የሚፈትን ግን "እኩልነት" የሚል ቃል የታተመበት የፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትና የቡከር ዋሽንግተን ባጅ ነው። ሩዝቬልት ጥቅምት 16 ቀን 1901 ጥቁሩን መምህር ዋሽንግተንን ዋይት ሃውስ ውስጥ እራት ጋበዘው፤ የደቡብ ጋዜጦች አገር ይያዝልን አሉ። ሁለቱ ገበታ ላይ ተቀምጠው የሚያሳየው ባጅ በ1904 ምርጫ ዙሪያ በብዙ ዓይነት ወጣ። ጥቁር ደጋፊዎች በኩራት አደረጉት፤ የሩዝቬልት ጠላቶች ደግሞ ነጭ መራጮችን ለማስቆጣት ተጠቀሙበት። አንድ ምስል የክብርም የጥላቻም መሣሪያ ሆነ። ገማቹ ይህን ሳይጽፍ ቁጥር ብቻ ቢያስቀምጥ ሥራውን አልሠራም እላለሁ። ማን እንዳሠራው፣ በየት ከተማ እንደታደለ፣ ከየትኛው ቤተሰብ እንደወጣ የሚያሳይ ማስረጃ ያለው አንድ ባጅ፣ ታሪኩ ከጠፋበት መንትያው ይልቅ ለታሪክ ጸሐፊም ለገዢም ይበልጣል።

ይዞታ ዋጋን በፍጥነት ይለውጣል። ውኃ በጠርዙ ገብቶ ወረቀቱን ቡናማ ያደረገው፣ ሴሉሎይዱ የተሰነጠቀ፣ ፀሐይ ያደበዘዘው ተራ ባጅ ፈላጊ የለውም፤ ከእሱ የተሻለ ስለሚገኝ። እጅግ ብርቅ በሆነው ላይ ግን ገዢው ይታገሣል። ይህንን የማያውቁ ወራሾች የሚሠሩት ስሕተት አንጀቴን ይበላዋል፤ ባጁን በውኃ ያጥቡታል፣ ናሱን ይወለውሉታል፣ ሪባኑን በካውያ ይተኩሱታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ ሐር ክብደት እንዲጨምር በብረታ ብረት ጨው ይነከር ስለነበር ገና ሲነካ ይሰነጣጠቃል። ሴሉሎይድ ራሱም እየፈረሰ አሲድ ያወጣል፤ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ታሽጎ መቀመጥ የለበትም። አለመንካት ከሁሉም ይሻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ግምቱ ለምን ተፈለገ የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። አንድ ባጅ በአንድ ቀን ሦስት እውነተኛ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ለመድን ሲሆን፣ ቢጠፋ ከነጋዴ ሱቅ ለመተካት የሚያስፈልገው ነው፤ ከፍተኛው ይህ ነው። ለውርስ ክፍፍል፣ ለግብርና ለስጦታ የሚያገለግለው ደግሞ ሳይገደዱ፣ ነገሩን አውቀው የሚገበያዩ ሻጭና ገዢ የሚስማሙበት የገበያ ዋጋ ነው። ዛሬውኑ ጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ ነጋዴ የሚያቀርበው ትርፉን ስለሚቀንስ ከሁሉም ያንሳል። ነጋዴው በዚህ አልበደለም፤ በደሉ የመጨረሻውን እንደ ሁለተኛው አድርጎ ሲያቀርብ ነው።

በዚህ ምክንያት ዕቃውን ሊገዛ የሚፈልግ ሰው ገማች መሆን የለበትም። ክፍያውም ከዕቃው ዋጋ በመቶኛ የሚሰላ ከሆነ መራቅ ነው፤ የአሜሪካ የገማቾች የሥነ ምግባር ደንብም ይህን ይከለክላል። ቤትና መሬት የሚገምት ሰው በአሜሪካ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የቤት ዕቃና ቅርስ የሚገምት ግን የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም። ስለዚህ ማንም "ገማች ነኝ" ሊል ይችላል፤ መመዘኛው የሙያ ማኅበር አባልነቱ፣ በዚህ ዓይነት ዕቃ ያለው ልምድና የጻፈው ሪፖርት ነው። ለሙዚየም ተሰጥቶ ከ5,000 ዶላር በላይ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ የሚቀነስበት ስጦታ ብቁ ገማች የፈረመው ግምት እንዲኖረው የግብር መሥሪያ ቤቱ ይጠይቃል።

ዋጋ የሚነጻጸረው ደግሞ ከተሸጠው ጋር ነው። ሻጭ በኢንተርኔት ላይ የጠየቀው ዋጋ ምኞት ነው፤ ማንም ካልከፈለው ስለ ገበያው የሚናገረው የለም። የጨረታ ውጤትም ሲነበብ ገዢው በላዩ የሚከፍለው ኮሚሽን መካተት አለመካተቱ መታወቅ አለበት፤ ልዩነቱ ከሃያ በመቶ ሊበልጥ ይችላል። ሁለት ባለጸጎች ተያይዘው ያናሩት አንድ ሪከርድም የሚቀጥለውን ባጅ ዋጋ አይወስንም፤ ከሁለቱ አንዱ ዕቃውን አግኝቶ ከገበያ ወጥቷልና። የኢንተርኔት ጨረታ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ብርቅ ይባል የነበረው ብዙ ዕቃ በየቤቱ እንዳለ ስላሳየ የመካከለኛው ዕቃ ዋጋ ወርዷል፤ በእርግጥ ብርቅ የሆነው ደግሞ ወደ ላይ ሄዷል።

በቅርብ ዘመን ዕቃዎች ላይ ክርክሩ አልተቋጨም። ከ1976 ወዲህ የፕሬዝዳንት ዘመቻዎች የወጪ ገደብ ስለመጣባቸውና ገንዘባቸው ወደ ቴሌቪዥን ስለሄደ የዘመቻው ጽሕፈት ቤት የሚያድለው ባጅ አነሰ፤ ባዶውን ቦታ የሞሉት ለሽያጭ የሚያትሙ ነጋዴዎች ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ገና ሲሠሩ ለሰብሳቢ የታሰቡ ስለሆኑ በጥንቃቄ ተቀምጠዋል፤ ወደፊትም ብርቅ አይሆኑም። የተሻለ ዕድል ያላቸው በአንድ ሠፈር፣ በአንድ ማኅበር፣ በአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች በጥቂቱ ተሠርተው በአንድ ቀን የታደሉት ናቸው።

ይህ በአሜሪካ ያሉ የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችን ይመለከታል። በ2008ቱ የኦባማ ዘመቻ የዋሽንግተንና የአካባቢው ኢትዮጵያውያን በስፋት ተሳትፈዋል። በሚሊዮን የታተመው የዘመቻው ባጅ ዛሬ ብዙ አያወጣም፤ የማኅበረሰቡ ሰዎች ራሳቸው ያሳተሙት ቲሸርት፣ በአማርኛ የተጻፈ በራሪ ወረቀት ወይም የስብሰባ ጥሪ ግን በጥቂት ቤቶች ብቻ ያለ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያለው ሰው ሳያጥብ፣ ሳይለጥፍ፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልሎ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያስቀምጠው፤ ከጎኑም ማን እንዳሳተመው፣ በስንት ቅጂ፣ በየትኛው አዳራሽ ወይም ቤተ ክርስቲያን እንደታደለና ማን እንደተቀበለው በእርሳስ ጽፎ ፈርሞበት ይተው። ካሳተሙት ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ስልክ ተደውሎላቸው ሊጠየቁ ይችላሉ።